ሁለት ባላ የተከለች ከተማ

መተማ ሲባል ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ቀን ነው፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.። አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በጥይት ተመቱ፤ ድሉ ወደ እጅ ሊገባ ሲል ጦሩ ተፈታ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህን በትምህርት ቤት ተምረናል፤ በቲያትር አይተናል፤ ከተማይቱም ዛሬ በንጉሡ ስም መተማ ዮሐንስ ተብላ ትጠራለች። ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ሰው ሊሞትባት ብቻ የተቆረቆረች ከተማ የለችም። ከዚያች ቀን በፊት ገበያዋን የሚጠብቀው ማን ነበር? የተጣላውን የሚያስታርቀውስ? ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ ማን ዘንድ ያድር ነበር? ግብሩስ ለማን ይገባ ነበር?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚፈልግ አንባቢ በአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ቢደክም የሚያገኘው ጥቂት ነው። ፍንጩ ያለው በባዕዳን መንገደኞች መጻሕፍት ውስጥ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመለከተው ሦስቱን ነው፦ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመውን የዓባይ ምንጭ ፍለጋ ጉዞ፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1867 ያወጣውን የዓባይ ገባሮች መጽሐፍ፣ እና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በ1868 ያሳተመውን የምርኮ ትረካ። ሦስቱም በቅጠል የተሸፈነውን ቆላ አቋርጠዋል፤ ሦስቱም ወባውን ፈርተዋል። እኛ የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሁለት ነገሥታት መካከል፣ ከሁለቱም ርቃ የኖረችው ይህች ትንሽ ከተማ ራሷን በራሷ ያስተዳደረችው እንዴት ነበር? መጻሕፍቱ ያዩትንም ሆነ ሳያዩ ያለፉትን በዚህ ጥያቄ እንመዝነዋለን።

ብሩስ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ሰናር ያመራው በ1771 መጨረሻ ላይ ነው። መተማ ያለችበት አውራጃ በእርሱ መጽሐፍ ራስ ኤል ፊል ይባላል፤ በዐረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው። የሚያስገርመው ብሩስ ለዚህ አገር እንግዳ ብቻ አልነበረም፤ የጎንደሩ ንጉሥ የራስ ኤል ፊልን ገዢነት ሾሞት ነበር። እርሱ ግን በቤተ መንግሥት ተቀምጦ ያሲን የሚባል ሙስሊም ወዳጁን በምትኩ ላከ። ከዚህ አጭር ታሪክ ብዙ ነገር ይነበባል። የክርስቲያኑ ንጉሥ መንግሥት በዚያ ቆላ ላይ ባለመብት ነኝ ይላል፤ ሹመት ይሰጣል፤ ግብር ይቀበላል። ግዛቱን በተግባር የሚይዘው ግን ቋንቋውን የሚያውቅ፣ የነጋዴውን ሃይማኖት የሚጋራ፣ ሙቀቱንም የሚችል ሰው ነው። ደጋው ለቆላው ስም ይሰጠዋል፤ ቆላው ራሱን ያስተዳድራል። ብሩስ ይህን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠረውም። እርሱን ያሳሰበው በሽታውና ወደ ሰናር የሚያደርሰው መንገድ ነበር።

ከተማይቱን ያቆሟትና የኖሩባት ሰዎች ግን ከደጋም ከሱዳንም አልነበሩም። ተክሩሮች ይባላሉ። ስሙ የተወሰደው በሴኔጋል ወንዝ ዳር ከነበረ ጥንታዊ መንግሥት ሲሆን፣ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ መካ የሚጓዘውን ጥቁር ሙስሊም ሁሉ የሚያጠቃልል መጠሪያ ሆነ። ስዊዘርላንዳዊው ቡርክሃርት በ1814 ሸንዲ ላይ አግኝቷቸዋል። ሸክም እየተሸከሙ፣ ክታብ እየጻፉ፣ ባገኙት ሥራ ስንቃቸውን እየቆጠሩ ለዓመታት የሚጓዙ ሐጃጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በጎንደር አድርገው ወደ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮች ይህ ስፍራ ለሐጃጅ ወገኖቻቸው ማረፊያ እንዲሆን ከኢትዮጵያ ንጉሥ ፈቃድ አግኝተው ሰፈሩ። ጥጥ ዘሩ፤ ማር ቆረጡ። የመንገደኛ ማረፊያው ቀስ በቀስ ገበያ ሆነ። ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና ጥጥ የሚሸጥበት፣ የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ከሱዳን ነጋዴ ጋር የሚገናኝበት ገበያ።

እንግዲህ ከተማይቱ የተመሠረተችው በአገልግሎት ነው ማለት ነው። ምሽግ ሆና አልተነሣችም፤ የንጉሥ መናገሻም አልነበረችም። ለደከመ ሰው ማረፊያ መስጠት የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር፤ ሹሟም የተሾመው ይህንኑ ለመጠበቅ ነው።

ቤከር በ1862 የጸደይ ወራት መተማ ሲደርስ ተክሩሮቹ ሥር ሰድደዋል። መጽሐፉ በአመዛኙ የአደን መጽሐፍ ነው፤ በሰይፍ ዝሆን የሚጥሉት የሐምራን ዐረቦች ጀግኖቹ ናቸው። ይሁንና ዓይኑ ሹል ነው። ተክሩሮቹ ታታሪ ገበሬዎች መሆናቸውን ያያል፤ ገበያውን ሸቀጥ በሸቀጥ ይዘረዝራል። ድክመቱ ሌላ ነው። ቤከር ሰውን የሚመዝነው ለአደኑና ለጉዞው በሚሰጠው ጥቅም ነው። መንገድ መሪ የሰጠው ሹም ደግ፣ ያዘገየው ሹም ክፉ ይሆንበታል። ያ ሹም የዘገየው ለምንድን ነው? ማንን መጠየቅ ነበረበት? እንግዳውን ቢያሳልፈው ነገ ከየትኛው ጌታ ቁጣ ይመጣበታል? ይህ ለቤከር ጥያቄ ሆኖ አልታየውም።

ብላንክ ሁኔታውን ለማየት የተሻለ ዕድል ነበረው። በ1865 መጨረሻ ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ለአፄ ቴዎድሮስ ለማድረስ ሲሄድ፣ መልክተኞቹ መተማ ላይ ወር ያህል ቆይተው የንጉሡን መልስ ጠብቀዋል። በእነዚያ ሳምንታት ያስጠጋቸው የተክሩሮቹ ሹም ሼህ ጁማ ነበር። ንጉሡ እስኪፈቅድ ድረስ እንግዶቹን ማቆየት፣ መልእክት ማስተላለፍ፣ ምንም ሳይደርስባቸው ወደ ደጋው ማስረከብ የእርሱ ኃላፊነት ሆነ። የዘመኑን አነጋገር ብንጠቀም የፖስታ ቤቱንም፣ የኢሚግሬሽኑንም፣ የእንግዳ ማረፊያውንም ሥራ አንድ ሰው ደርቦ ይሠራው ነበር ማለት ነው።

የዘመኑ መጻሕፍት የሚስማሙበት ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ሹም ለሁለት መንግሥታት ይገብር እንደነበር ነው። ግብፅ በ1821 ሰናርን ከያዘች ወዲህ ግብሯን ትጠይቃለች፤ የኢትዮጵያ ንጉሥም የጥንት መብቱን አልተወም። ቴዎድሮስን ያህል ንጉሥ ደግሞ ይህን ዳር አገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። የጎረቤቱ የቋራ ልጅ ነው፤ ገና ካሣ ኃይሉ ተብሎ በሚጠራበት ጊዜ በ1848 ደባርቂ ላይ ከግብፅ ወታደሮች ጋር ተዋግቶ የመድፍን ኃይል የተማረው በዚሁ ቆላ ነው። ሼህ ጁማ ከእንዲህ ዓይነት ጌታና ከካይሮ ፓሻ መካከል ተቀምጦ ለሁለቱም ይከፍል ነበር።

ባዕዳኑ ይህን እንደ ደካማ ሰው ብልጠት ያዩታል። የእኛ አንባቢም ሊጠየፈው ይችላል፤ ለሁለት የሚያድር ሰው በባህላችን አይመሰገንም። ነገር ግን ይኸው ባህላችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎም ይመክራል። ሒሳቡን እስቲ በሹሙ ቦታ ሆነን እናስላው። የደጋው መንገድ ከተዘጋ ቡናና ሰም አይመጣም። የሱዳኑ መንገድ ከተዘጋ ገዥ አይኖርም፤ ሐጃጁም አያልፍም። ከሁለት አንዱን መምረጥ ማለት ገበያውን መዝጋት ነበር፤ ገበያው ከተዘጋ ደግሞ ከተማይቱ የምትኖርበት ምክንያት የለም። ድርቡ ግብር ለከተማይቱ የመንገድ ዋጋ ነበር። ክህደት ብሎ ማለፍ ነገሩን ከሩቅ ከተቀመጠ ዙፋን ብቻ ማየት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ትንሽ ሕዝብ ራሱን ሲያስተዳድር ባየን ቁጥር ማሞገስ ይቀናናል። መተማ እንዲህ ያለውን ሙገሳ አትፈቅድም፤ ከገበያዋ ሸቀጥ አንዱ ሰው ነበርና። የባሪያ ነጋዴዎች በሰሌን ዳሶች ውስጥ ልጃገረዶችን አስቀምጠው ይሸጡ ነበር። ቤከር እነዚህን ዳሶች አይቷል፤ ስለ ልጃገረዶቹ መልክም በአድናቆት ጽፏል። የመጽሐፉ ትልቁ ነውር ይህ ይመስለኛል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት በላይኛው ዓባይ ገዢ ሆኖ የተላከ ሰው፣ በዚህ ገጽ ላይ ልጆቹን የሚያያቸው እንደ ገበያተኛ ነው። ከየት መጣሽ? ማን ያዘሽ? እናትሽ በሕይወት አለች? የሚል አንድ ጥያቄ እንኳ ከብዕሩ አልወጣም። የገበያውን ሰላም የጠበቀው ሹም የጠበቀው የሻጩንና የገዢውን ሰላም ነው። በዳሱ ውስጥ ለተቀመጠችው ልጅ ሹምም ዳኛም አልነበራትም። ያ ገበያ የተዘጋው በ1874 አካባቢ፣ ግብፆች ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ነው።

ሌላም ዝም የተባለ ሕዝብ አለ። ተክሩሮቹ መጤዎች ናቸው፤ ፈቃድ ጠይቀው ሰፈሩ። ፈቃድ የሰጠው ከሩቅ ያለው የደጋ ንጉሥ ነው። በዚያ ቆላ ከእነርሱ በፊት ቀስትና ፍላጻ ይዞ፣ መሬቱን እያሳረፈ፣ ማሽላና ዳጉሳ እየዘራ ይኖር የነበረውን ጉሙዝ የጠየቀው የለም። ብሩስ ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙ ገጽ ጽፏል፤ ነገር ግን የሚጽፈው የደጋ ጦር እንዴት እንደሚያድናቸውና ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚማርክ ነው። ሻንቅላ የሚለው የስድብ ቃልም ለሕዝቦቹ ሁሉ የጋራ ስም ሆኖ በመጻሕፍትም በአፋችንም ቆየ። ሦስቱን መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው የሹሙን ስም ያገኛል፤ የፓሻውንና የንጉሡን ስም ያገኛል፤ የአንድ ጉሙዝ ሽማግሌ ቃል ግን አያገኝም። ጉሙዞች በጎሣና በሽማግሌ ዳኝነት የሚተዳደሩ፣ ዙፋን የሌላቸው ሕዝቦች ናቸው። ዙፋን ፍለጋ ለመጣ መንገደኛ ዙፋን የሌለው አስተዳደር እንደሌለ ይቆጠራል።

የመተማ ሁለት ባላዎች የተሰበሩት ሁለቱም ጌቶች ግብሩ አልበቃ ብሏቸው ከተማይቱን እንዳለች በፈለጓት ጊዜ ነው። በ1870 ገደማ የግብፅ ጦር ገብቶ ሰፈረ። የመሐዲው ንቅናቄ ሱዳንን ሲያጥለቀልቅ የተክሩሮቹ ሹም ሳሌህ ሸንጋ ከደርቡሾች ጋር አልተባበርም ብሎ ከወገኖቹ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ላይ የነበረውን የደርቡሽ ጦር መቱ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የአቡ አንጃ ጦር ጎንደርን አቃጠለ። ከዚያ ነው ሁላችን የምናውቃት የመጋቢት 1881 ዓ.ም. ቀን የመጣችው። የታሪክ መጻሕፍታችን ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ይመዘግባሉ፤ የጦሩን ቁጥር፣ የመኳንንቱን ስም፣ የጥይቱን አቅጣጫ ሳይቀር። ከተማይቱ ስትነድ ቤቱ የተቃጠለው ሰው ግን በየትኛውም ገጽ ስም የለውም። መሥራቾቿ ተበትነዋል፤ የእኛ ትረካ ደግሞ በነገሥታቱ ዕጣ ላይ ብቻ ያለቅሳል።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የወሰን ውል መተማንና ገላባትን ለየ። በመካከላቸው ያለው የበጋ ደረቅ ጅረት ድንበር ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን ምፀት አለበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከገላባት የሚሰበሰበው ቀረጥ ግማሹ ለኢትዮጵያ ይሰጥ ነበር። ሼህ ጁማ ለሁለት ጌታ ሲከፍል የናቁት ኃያላን፣ ከብዙ ደም በኋላ ገቢውን ለሁለት ወደ መካፈል ተመለሱ። ልዩነቱ አንድ ነው። በጥንቱ አሠራር በመካከል አንድ የከተማው ሰው ነበር፤ ግብሩን የሚሰበስበውም፣ ቅሬታውን የሚሰማውም እርሱ ነው፤ ቢበድል እዚያው ከበደላቸው ሰዎች ጋር ነበር የሚኖረው። በአዲሱ ውል ያ ሰው የለም። የቀሩት ሁለት ኬላዎች ናቸው።

ይህ የመተማ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአውስትራሊያ ከከተማ እጅግ በራቁ የነባር ሕዝቦች መንደሮች ተመሳሳይ ክርክር ሲካሄድ ኖሯል። በ1976 የወጣ ሕግ ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ምክር ቤትና ማኅበር እንዲያስመዘግቡ ፈቀደ፤ በብዙ ስፍራ ሱቁም፣ ክሊኒኩም፣ የቤት ጥገናውም በእነዚህ ማኅበራት እጅ ገባ። ወዲያው የመጣው ጥያቄ ግን ማኅበሩ መልስ የሚሰጠው ለማን ነው የሚል ነበር፤ ገንዘቡን ለሚልከው መንግሥት ወይስ አገልግሎቱን ለሚጠብቀው መንደር? ወረቀቱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር መንደሩ ይረሳል፤ መንደሩ ብቻ ከተሰማ ገንዘቡ ይቋረጣል። ሼህ ጁማ ይህን ጥያቄ ያለ ሕግና ያለ ማኅተም በየዓመቱ ይፈታው ነበር። የፈታውም ለተቆጠሩት ብቻ እንደነበር ግን አይተናል።

የተቆጠረና ያልተቆጠረ የሚለው ነገር በዚያ ቆላ ዛሬም አላበቃም። የአማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. ያሻሻለው ሕገ መንግሥት የኽምራ፣ የአዊና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮችን በስም አቋቁሟል። በቋራና በመተማ ለሚኖረው ጉሙዝ ግን እንዲህ ያለ አስተዳደር አላቋቋመም፤ ስሙ በክልልነት የተጻፈው ከወንዝ ማዶ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። በየዓመቱ ደግሞ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከሑመራ እስከ መተማ ባለው ቆላ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል። ይህ ሰው የየትኛውም ቀበሌ ነዋሪ ሆኖ አልተመዘገበም። ካላዛር የሚባለው በሽታ አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ ለቆላው እንግዳ የሆነውን እርሱን ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ በሽታውን ወደ ደጋ ይዘው የወጡት ከቆላ ሥራ የተመለሱ ሰዎች እንደሆኑ ይታመናል። ክሊኒኩ ለነዋሪው ብቻ ሲታቀድ ያልተቆጠረው ሰው በሽታውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ መተማ ጥንታዊ ሥራዋ እንደገና መጣባት። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሱዳናውያንም፣ ከስደት ተመላሽ ኢትዮጵያውያንም፣ የሌላ አገር ዜጎችም፣ ያቺን ትንሽ ድልድይ ተሻገሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ለደከመ መንገደኛ ማረፊያ የነበረች ከተማ ይህን ሥራ ልትሠራ የሚያስችላት ምን እንደቀረላት የጠየቀ ጽሑፍ ግን ብዙ አላየንም። የተጻፈው ስለ ድንበሩና ስለ ቁጥሩ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሂስ ክስ በባዕዳኑ ላይ ብቻ አይደለም። ብሩስ፣ ቤከርና ብላንክ ያዩትን ያህል ጽፈዋል፤ ያላዩትን ደግሞ ከሚያሳልፉት ፈጥነው አልፈዋል። አገሩ የእኛ ነው፤ ዝምታውም ከእነርሱ ይልቅ የእኛ ዕዳ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከደጋው ወጥቶ ሩቅ መጓዝ እንደሚችል ፍቅረማርቆስ ደስታ በ«ከቡስካ በስተጀርባ» አሳይቷል፤ ከሐመር መንደር ገብቶ አንባቢን ይዞ ወጥቷል። በዚያ መጽሐፍ ላይ የሚነሣ ነቀፋ ሊኖር ይችላል፤ በሩን ግን ከፍቷል። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን እስካሁን በጽሑፋችን ውስጥ የጦር ሜዳ፣ የሽፍታ ጫካና የሰሊጥ ማሳ ሆኖ ነው የሚታየው። ሰው የሚዳኝበት፣ የሚያስተዳድርበት፣ የሚበድልበትና የሚካስበት አገር ሆኖ አልተጻፈም።

የሚጽፍ ሰው ከተገኘ ከሼህ ጁማ ይጀምር። ሁለት ጌቶችን በአንድ ዓመት ያስደሰተ ሹም ለማንኛውም ልብ ወለድ ጸሐፊ ሲሳይ ነው። ነገር ግን በሹሙ ቤት ብቻ አይቅር። ከገበያው ጫፍ ወዳለው የሰሌን ዳስ ይሂድና ቤከር ሳይጠይቅ ያለፈውን ይጠይቅ። ከዚያም ከጅረቱ ወዲያ ወዳለው ጫካ ይግባና ለማረፊያው ቦታ ፈቃዱ ሲሰጥ ያልተጠየቀውን ሽማግሌ ያነጋግር። የአንድን ሹም ደግነት መመዘን የሚቻለው ገበያው ላይ በተቀመጡት ምስክርነት ብቻ አይደለም። እነዚያ ሁለቱ ሳይሰሙ የሚጻፍ የመተማ ታሪክ ሁሉ ግማሽ ቀረጥ የተከፈለበት ጭነት ነው፤ ኬላውን ያልፍ ይሆናል፤ ሒሳቡ ግን አልተዘጋም።